የመኪና ጥያቄዎች አምድ፦ «ኮምፒውተሩ ተሠርቶለታል» የተባለ ያገለገለ ባለ ቱርቦ መኪና እንዴት ይመረመራል?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ በእህል ንግድ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከሞጃናና ከመንዝ ወደ ከተማ፣ አልፎ አልፎም ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት እህል የማመላልስበት ያገለገለ ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ለመግዛት በመነጋገር ላይ እገኛለሁ። መኪናው የ2012 እ.ኤ.አ. ሥሪት ሲሆን ባለ 3.0 ሊትር ዲ-4ዲ የናፍጣ ሞተርና ቱርቦ አለው። ደላላው «የሞተሩ ኮምፒውተር ተሠርቶለታል፤ ጉልበቱ ጨምሯል፤ ዳገት አያውቅም» እያለ ከአቻዎቹ ከፍ ያለ ዋጋ ጠርቶልኛል። ባለቤቱ ግን መኪናውን እሱም ከሌላ ሰው የገዛው በመሆኑ ማን ምን እንደሠራለት አያውቅም። የተባለው ሥራ በእርግጥ መሠራቱን በምን ማረጋገጥ እችላለሁ? ተሠርቶስ ከተገኘ የተጠየቀውን ጭማሪ መክፈል ይገባኛል?
(ከደብረ ብርሃን አንባቢ)

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር። ማን ምን እንደጻፈበት ለማይታወቅ ኮምፒውተር ብለው ከገበያው ዋጋ በላይ አንድም ብር ሊጨምሩ አይገባም። የተባለው ሥራ በእርግጥ ተሠርቶ ከተገኘም፣ እንደ እርስዎ በደጋ ከፍታ ላይ እህል ጭኖ ዳገት ለሚያስወጣ ሰው፣ ዋጋውን የሚያስቀንስ እንጂ የሚያስጨምር ምክንያት አይሆንም። ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት ሥራው ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል።

የሞተሩ ኮምፒውተር፣ መካኒኮች ኢሲዩ የሚሉት፣ ከየሴንሰሩ የሚደርሰውን መረጃ እያገናዘበ ምን ያህል ናፍጣ በምን ግፊትና በየትኛው ቅጽበት እንደሚረጭ፣ ቱርቦውም አየሩን እስከ የት ድረስ እንደሚያምቅ ይወስናል። የሚመራውም ፋብሪካው በውስጡ ባስቀመጠለት የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። ቶዮታ ይህን 3.0 ሊትር ሞተር፣ 1ኬዲ የሚባለውን፣ እንደየሚሸጥበት አገር 163 ወይም 171 የፈረስ ጉልበት እንዲሰጥ አድርጎ ነበር የሚያወጣው። ጉልበቱን ከዚህ በላይ ለማሳደግ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሦስት መንገዶች አንዱን ይይዛል። አንደኛው ከመሪው ሥር በሚገኘው ባለ 16 እግር የመመርመሪያ ሶኬት በኩል ሠንጠረዡን በአዲስ መጻፍ ነው፤ ይህ በውጭ አካሉ ላይ ምንም ምልክት አይተውም። ሁለተኛው ኮምፒውተሩን ከመኪናው አውርዶ፣ አንዳንዴም ሽፋኑን ከፍቶ፣ በጠረጴዛ ላይ መጻፍ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ኮምፒውተሩን ጨርሶ ሳይነኩ በሴንሰሩና በኮምፒውተሩ መካከል ትንሽ ሳጥን ማስገባት ሲሆን፣ ሳጥኑ የናፍጣው ግፊት ከእውነቱ ያነሰ እንደሆነ አድርጎ ለኮምፒውተሩ ስለሚነግረው ኮምፒውተሩ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። ከነዚህ ሌላ ነዳጅ መስጫው ፔዳል ላይ የሚገጠም መሣሪያም አለ፤ እሱ ግን የፔዳሉን ምላሽ ያፈጥናል እንጂ ለሞተሩ ቅንጣት ጉልበት አይጨምርም። እግር ሲያርፍበት መኪናው ወደፊት ስለሚወረወር ብዙ ገዢ ግን ጉልበት የጨመረ ይመስለዋል።

ምርመራው በዓይን ይጀመር። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ኮፈኑን አስከፍተው፣ ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሮቹ ወደሚረጩት) በሚከፋፈልበት ወፍራም የብረት ቱቦ ላይ የተሰካውን የግፊት ሴንሰር ይፈልጉ። ከሴንሰሩ የሚወጣው ሽቦ ፋብሪካው እንደሠራው ከሆነ እንደ ጎረቤቶቹ ሽቦዎች በአቧራ የተለበሰ፣ በጥቁር ፕላስቲክ ቱቦ የተሸፈነና በየቦታው በራሱ ማሠሪያ የተያዘ ነው። የሳጥኑ ሽቦ ተገጥሞበት ከነበረ ግን ሶኬቱ ከጎረቤቶቹ የጸዳ ይሆናል፤ የሶኬቱ መቆለፊያ ምላስ የተሰበረ፣ ቱቦው በአዲስ ቴፕ የተጠቀለለ፣ አለዚያም ሥራ የሌለው የፕላስቲክ ማሠሪያ በባዶው ተንጠልጥሎ የቀረ ሊሆን ይችላል። ከባትሪው አጠገብና በሞተሩ ክፍል ጎንና ጎን ባለው ቆርቆሮ ላይም ይመልከቱ። በሞጃና የጠጠር መንገድ የኖረ መኪና ሞተሩ በሙሉ አቧራ የጠጣ ስለሆነ፣ ሳጥኑ ተለጥፎ የኖረበት ቦታ አራት ማዕዘን ንጹሕ ሆኖ ወይም የሙጫ ቅሪት ይዞ በግልጽ ይታያል። ሻጩ ሞተሩን በውኃ አሳጥቦ ካቀረበው ይህ ምልክት ይጠፋል፤ ስለዚህ ከመታጠቡ በፊት እንዲያሳይዎ አስቀድመው ይንገሩት።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ራሱን ያሳዩ። በዚህ ዘመን ሃይሉክሶች ላይ የሚገኘው በጋቢናው ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጎን በሚቀመጠው ተሳፋሪ ፊት ካለው የዕቃ ማስቀመጫ ኪስ ጀርባ ነው። ኪሱ ሲወርድ የሳጥኑ ጠርዝ በጠፍጣፋ መፍቻ የተፈለቀቀበት ጭረት፣ ከፋብሪካው በቀለም የሚለይ ሲሊኮን፣ ጥርሳቸው የተበላ ብሎኖች ወይም ተልጦ የተመለሰ መለያ ወረቀት ካለ፣ አንድ ሰው ከፍቶት ነበር ማለት ነው። በወረቀቱ ላይ በ89661 የሚጀምር የቶዮታ መለዋወጫ ቁጥር ይገኛል። ቁጥሩን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ከሻንሲው ቁጥር ጋር የሚሄድ መሆኑን የቶዮታ መለዋወጫ ሻጭ እንዲያጣራልዎ ያድርጉ፤ አንዳንዴ የተቃጠለ ኮምፒውተር በሌላ አገር መኪና ኮምፒውተር ተተክቶ ይገኛልና። የመከፈቱ ምልክት ብቻውን ግን ጉልበት ለመጨመሩ ማስረጃ አይሆንም። ውኃ ገብቶበት ለጥገና የተከፈተም ሊሆን ይችላል።

ከዓይን ምርመራው በኋላ ስካነር ያለው ኤሌክትሪሻን ያስፈልግዎታል። ኤሌክትሪሻኑ በተለምዶ የሚያነበው የስህተት ኮዶችን ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ያለፈ እንዲያነብልዎ በግልጽ ይጠይቁት። በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር መለያ ቁጥር አለው፤ በአዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ ደግሞ ከሶፍትዌሩ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ ማረጋገጫ ቁጥር አብሮት ይነበባል። ሠንጠረዡን የለወጠ ሰው መለያውን እንዳለ ትቶት ሊሆን ይችላል፤ ይዘቱ ሲለወጥ ግን፣ ጸሐፊው ሆን ብሎ ካልደበቀው በስተቀር፣ ማረጋገጫው ቁጥርም ይለወጣል። አሮጌ መኪና ላይ ይህ ቁጥር ሳይመጣ ሊቀር ይችላልና አይደንግጡ። ቁጥሩን ከምን ጋር ያነጻጽሩታል ቢሉ፣ በደብረ ብርሃን ሃይሉክስ አይጠፋም፤ በሥሪት ዘመን፣ በሞተር፣ በካምቢዮና በመጣበት ገበያ አንድ የሆነ፣ ታሪኩንም በደንብ የሚያውቁት የወዳጅ መኪና ፈልገው በዚያው ስካነር ያስነብቡ። የእኔ ጽኑ እምነት፣ ለአንድ ገዢ ከዚህ የተሻለ መመርመሪያ የለም የሚል ነው። ሆኖም ፋብሪካው ራሱ ለአንድ ሞተር በየጊዜው የተሻሻለ ሶፍትዌር ስለሚያወጣ፣ ቁጥሮቹ ስለተለያዩ ብቻ ሻጩን በሐሰት መክሰስ አይገባም። ልዩነቱ ቀጣዮቹን ምርመራዎች አጥብቀው እንዲያደርጉ የሚያሳስብ ምልክት ነው።

በዚያው ስካነር «የስህተት መዝገብ ከጠፋ ወዲህ የተጓዘው ርቀት» የሚለውን ያስነብቡ። መኪናው ለዓመታት ሲሠራ ኖሮ ይህ ቁጥር ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ለእርስዎ ከመታየቱ በፊት አንድ ሰው መዝገቡን አጥፍቶታል፣ አለዚያም ባትሪው ተነቅሎ ነበር ማለት ነው። ለምን እንደጠፋ ሻጩ ሊያስረዳዎ ይገባል።

ብዙዎች የማያደርጉት፣ እኔ ግን እንዳይዘለል የምማጸነው አንድ ሙከራ አለ። ጉልበት ለመጨመር የሚጻፍ ፋይል ብዙ ጊዜ የአንዳንድ ሴንሰሮችን የስህተት ማስጠንቀቂያ አብሮ ያጠፋል፤ በተለይም የተቃጠለውን ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ኢጂአር በቆርቆሮ ተዘግቶ ከሆነ መብራቱ እንዳይበራ ተደርጎ ይጻፋል። ስለዚህ በባለቤቱ ፈቃድ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉም ተነቅሎ ሳለ፣ ኤሌክትሪሻኑ የኢጂአሩን ሶኬት ይንቀል፤ ከዚያም ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ይነዳ። ጤነኛ ኮምፒውተር መጓደሉን ተገንዝቦ ኮድ ይመዘግባል፣ የሞተሩን ምልክትም በዳሽቦርዱ ላይ ያበራል። ዝም ካለ ግን ዝም እንዲል ተጽፎለት ሊሆን ይችላል። በአየር መጠን ለኪው ሴንሰር ላይም ይኸው ሊደገም ይችላል። ከሙከራው አስቀድሞ ቁልፉ ሲከፈት የሞተሩ ምልክት በርቶ ሞተሩ ሲነሣ የሚጠፋ መሆኑን ማየት ግድ ነው፤ አምፑሉ ከተነቀለ ሙከራው ትርጉም የለውምና። ሲጨርሱ ሶኬቶቹ ተመልሰው ይሰኩ፣ ኮዶቹም ይጥፉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ከፍታው እንምጣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በባሕር ጠለል 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት በዚህ ከፍታ ወደ 72 ይወርዳል። በጣርማ በር አናት ላይ ከ70 በታች ሲሆን፣ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ደግሞ ወደ 87 ይመለሳል። ቱርቦው በሞተሩ መግቢያ ላይ በድምሩ 220 ኪሎ ፓስካል እንዲያደርስ ታዘዘ እንበል። በባሕር ጠለል አየሩን ከሁለት እጥፍ ጥቂት ከፍ አድርጎ ማመቅ ይበቃዋል፤ በደብረ ብርሃን ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ማመቅ አለበት። ይህን የሚያደርገው በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከረውን ዘንግ የበለጠ በማፍጠን ነው። ፋብሪካው ይህን አስቀድሞ ስለሚያውቅ የውጭው ግፊት ሲወርድ የቱርቦውንም የናፍጣውንም ትእዛዝ የሚቀንስ ሠንጠረዥ አስቀምጧል። ዱባይን በመሰለ የባሕር ዳርቻ ከተማ ተፈትኖ የተጻፈ ፋይል ግን ይህን መቀነሻ ሊያነሣው ወይም ሊያላላው ይችላል። ያን ጊዜ ወይ ቱርቦው ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል፣ ወይ ደግሞ አየር ሳይበቃ ናፍጣው ብቻ ይበዛና ጭሱ ይጠቁራል፣ የጭሱ ሙቀት ያሻቅባል፣ ፒስተኑም ይጎዳል። የ1ኬዲ ሞተር ደግሞ የኢንጀክተር መቀመጫ ቀለበቶቹ ሲያስተላልፉና ፒስተኑ ሲሰነጠቅ በብዙ አገር የታየ ስለሆነ ተጨማሪ ሸክም የሚጫንበት ሞተር አይደለም። ቶዮታ ራሱ በ2020 እ.ኤ.አ. የተከታዩን 2.8 ሊትር ሞተር ጉልበት ከ177 ወደ 204 የፈረስ ጉልበት ሲያሳድግ ቱርቦውን ጭምር አሻሽሎ ነው እንጂ በሶፍትዌር ብቻ አልነበረም።

ስለሆነም የመንገድ ፈተናው ዳገት ላይ ይሁን። ባለቤቱ ከተስማማ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ዋሻ የሚወጣው መንገድ በጣም ተስማሚ ነው፤ ካልሆነም የሚያውቁት ረጅም ዳገት ይበቃል። ከመነሣትዎ በፊት ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ የመግቢያው ግፊት ሴንሰር ስንት እንደሚያነብ ይታይ። ደብረ ብርሃን ላይ 72 አካባቢ ማንበብ ሲገባው ከዚህ በጣም የራቀ ቁጥር ካሳየ፣ ወይ ሴንሰሩ ተበላሽቷል፣ ወይ በመካከል የገባ ነገር አለ። በዳገቱ ላይ ደግሞ በአንድ ማርሽ፣ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ የታዘዘው ግፊትና የተገኘው ግፊት ጎን ለጎን ይመዝገብ፤ የወዳጅዎ መኪናም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ማርሽ ይመዝገብ። የሚገዙት መኪና የሚያዘው ግፊት ከአቻው ጎልቶ የሚበልጥ ከሆነ ሠንጠረዡ ተነክቷል። እዚህ ላይ የሳጥኑን ተንኮል አይርሱ፦ ሳጥን የተገጠመለት መኪና የናፍጣ ግፊቱን ለስካነሩም ቀንሶ ስለሚያሳይ ቁጥሩ ጤነኛ ይመስላል፤ እሱን የሚያጋልጠው የሽቦው ምርመራ ነው። በዳገቱ ላይ በከፍተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዱ ፔዳሉን ሲረግጡ ዙሩ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ የማይከተል ከሆነም ፍሪሲዮኑ እያንሸራተተ ነው። የተጨመረው ጉልበት መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው።

የጭስ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። በደብረ ብርሃን ብርድ ማለዳ ላይ ሞተሩ ሲነሣ የሚታየው ነጭ ጭስ ለአጭር ጊዜ ከሆነ አያስጨንቅም፤ ከቆመበት ሲነሣ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ጥቁር ጭስም በተደፈነ የአየር ማጣሪያ ሊመጣ ይችላል። የሚያስፈራው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ በንጹሕ ማጣሪያ፣ ዳገቱን እስኪጨርስ ድረስ ሳያቋርጥ የሚተፋው ጥቁር ጭስ ነው።

ምልክቶቹ ተደራርበው መነካቱን ካመለከቱ፣ ጥያቄው ጉዳት ደርሷል ወይስ አልደረሰም ወደሚለው ይዞራል። መካኒክዎ የአራቱንም ሲሊንደር የእምቅታ ልክ ይለካ፣ የኢንጀክተሮቹን የናፍጣ መልስ ያወዳድር፣ የቱርቦውን ዘንግ በእጁ ነቅነቅ አድርጎ ይፈትሽ፣ ቱርቦው ያመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን የኢንተርኩለሩን ጎማ ፈትቶ ዘይት መጠራቀሙን ይመልከት። ስስ የዘይት ወዝ የተለመደ ነው፤ የሚፈስ ዘይት ግን ቱርቦው ማለቁን ይነግራል። ከቻለ የዘይት ሳህኑን አውርዶ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይይ፤ የኢንጀክተር ቀለበት ሲያስተላልፍ የሚፈጠረው ጥላሸት ወንፊቱን ደፍኖ ሞተሩን ያለ ዘይት ያስቀረዋል። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘና መኪናውን ከወደዱት፣ ኮምፒውተሩ ወደ ፋብሪካው ፋይል እንዲመለስ፣ ወጪውም በሻጩ እንዲሆን በውሉ ላይ አጽፉ። ሥራው አስተማማኝ መሣሪያና ጤነኛ ባትሪ ባለው ባለሙያ ይሠራ፤ ጽሑፉ በመሐል ቢቋረጥ ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ከአገልግሎት ሊወጣ ይችላልና።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነው የምኖረው። ከአውሮፓ የመጣ ያገለገለ ባለ ቱርቦ የቤንዚን ቮልስዋገን ጎልፍ ለሽያጭ ቀርቦልኛል። ሻጩ «ስቴጅ 1 ተጽፎለታል» ይላል። ምርመራው ከናፍጣው ይለያል?
(ከሸዋ ሮቢት አንባቢ)

መልስ፦ «ስቴጅ 1» የሚባለው የሞተሩ አካል ሳይለወጥ በሶፍትዌር ብቻ ጉልበት መጨመር ነው። የምርመራው መሠረት አንድ ነው፤ ሁለት ነገሮች ግን ይለያሉ። አንደኛ፣ በዚህ ፋብሪካ መኪናዎች ላይ ኮምፒውተሩ ስንት ጊዜ እንደተጻፈበት የሚቆጥር መዝገብ አለ፤ የፋብሪካውን አሠራር በሚያውቅ ስካነር ይነበባል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ የአገልግሎት ደብተሩ ግን ስለ ሶፍትዌር ማሻሻያ አንዳች ካልጠቀሰ ሻጩ እውነቱን ነግሮዎታል ማለት ይቻላል። የፋብሪካው ወኪሎች በሚጠቀሙበት ሥርዓት ላይ ደግሞ ተነክቶ የተገኘ መኪና «ቲዲ1» በሚል ምልክት ይመዘገባል፤ አውሮፓ ሳለ ለአገልግሎት ገብቶ ከነበረ በሻንሲ ቁጥሩ ማስጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቤንዚኑ ነው። በአውሮፓ የሚጻፉ የጉልበት ፋይሎች ብዙዎቹ 98 ኦክቴን (ኦክቴን ቤንዚኑ ያለጊዜው መንደድን የሚቋቋምበት ልክ ነው) ቤንዚን ይቀዳል በሚል ግምት የተሠሩ ናቸው። ከዚያ ዝቅ ያለ ቤንዚን ሲያገኝ፣ በተለይ እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ቆላ ሙቀት፣ ካንዴላው የለኮሰው ነበልባል ሳይደርስበት የቀረው ቤንዚን በራሱ እየነደደ ሞተሩ ይንኳኳል። ኮምፒውተሩ መንኳኳቱን በሴንሰር ሰምቶ የካንዴላውን የማቀጣጠያ ጊዜ ያዘገየዋል፤ ይህ መዘግየት ለእያንዳንዱ ሲሊንደር በዲግሪ ተለክቶ በስካነር ይነበባል። ስለዚህ በቀትር ሙቀት ወደ አርማንያ የሚወስደውን ዳገት እየወጣችሁ ይነበብ። በአራቱም ሲሊንደር ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ከሆነ መልካም ነው፤ ዲግሪው በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ግን መኪናው በአገራችን ቤንዚን የማይችለውን ሥራ ተሰጥቶታል፣ ጉልበቱም በወረቀት ላይ ያለ ብቻ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከላቸው፣ የተጎዳ ሞተር የሚተካበት መንገድ እየጠበበ መሆኑንም በዋጋ ድርድሩ ላይ ያስቡበት።

ጥያቄ፦ አንኮበር ላይ 5ኤል ሞተር ያለው አሮጌ ሃይሉክስ ሊሸጥልኝ የቀረበ ሰው «ኮምፒውተሩ ተሠርቶለታል» ብሎኛል። እውነት ሊሆን ይችላል?
(ከአንኮበር አንባቢ)

መልስ፦ አይችልም። 5ኤል 3.0 ሊትር ያለ ቱርቦ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ሲሆን፣ ናፍጣውን የሚለካው በሜካኒካል ፖምፓ ነው፤ የሚጻፍበት የሞተር ኮምፒውተር የለውም። በሞተሩ መለያ ላይ 5ኤል-ኢ የሚል ካለ ግን በኮምፒውተር የሚታዘዝ ፖምፓ ያለው ሌላ ዓይነት ስለሆነ፣ የሞተሩን መለያ ከሊብሬው ላይ ሳይሆን ከራሱ ከሞተሩ አካል ላይ ያንብቡ። የመጀመሪያው ዓይነት ሆኖ ከተገኘ ሻጩ ምናልባት ፖምፓው ላይ ያለውን የናፍጣ መጠን ማስተካከያ ብሎን አጥብቆ ጉልበት የጨመረ መስሎት ይሆናል። በአንኮበር ከፍታ የዚህ ውጤት ጥቁር ጭስና የባከነ ናፍጣ ነው፤ የፖምፓ ባለሙያ ወደ ልኩ እስኪመልሰው ድረስ በመኪናው ላይ ጭነት አይጫኑ።